የኃይል መዋዠቅና የኤሌክትሪክ ዕቃዎቻችን፦ ፍሪጁን፣ ፓምፑንና ወፍጮውን ከመቃጠል እንዴት እናድናለን?

ባሕር ዳር፦ ምሽት አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ምጣዱ ከተሰካ ግማሽ ሰዓት አልፎታል፤ እንጀራው ግን ዐይን አላወጣም። አምፖሉ ደብዝዟል። ፍሪጁ ለመነሣት ያጉረመርማል፣ ቀጭ ብሎ ዝም ይላል፣ ከደቂቃዎች በኋላ እንደገና ያጉረመርማል። የቤቱ ሰው "መብራቱ ደክሟል" ብሎ ያልፈዋል። ከሳምንት በኋላ ፍሪጁ ጨርሶ ሳይነሣ ሲቀር ግን ጥፋቱ የሚላከከው በፍሪጁ ጥራት ላይ ነው።

በከተሞቻችንና መብራት በገባባቸው የገጠር ቀበሌዎች ይህ የዘወትር ትዕይንት ነው። ብዙ ዓመት ተቆጥቦ የተገዛ ዕቃ በአንድ ምሽት ሲቃጠል የሚሰጠው ምክር ደግሞ አንድና ያው ነው፤ "ስታቢላይዘር ግዛ" ይባላል። ስታቢላይዘር ጠቃሚ መሣሪያ ነው። ነገር ግን ዕቃ የሚያቃጥሉት የኃይል ችግሮች በዐይነታቸው የተለያዩ ናቸው፤ የአንዱ መድኃኒት ለሌላው አይኾንም። ስለዚህ ገንዘብ ከማውጣት በፊት ችግሩ የትኛው እንደኾነ መለየት ይቀድማል። ይህ ጽሑፍ የሚያተኩረው በዚሁ ላይ ነው።

220 ሲባል ምን ማለት ነው?

በሀገራችን ለመኖሪያ ቤት የሚቀርበው ኤሌክትሪክ በፌዝና በዜሮ መስመር መካከል 220 ቮልት፣ በሁለት ፌዞች መካከል ደግሞ 380 ቮልት ነው፤ ድግግሞሹም 50 ኸርዝ ነው። ይህ ኃይል ወደ ሰፈር የሚመጣው በአብዛኛው በ15 ሺህ ወይም በ33 ሺህ ቮልት መስመር ነው። ምሰሶ ላይ የተሰቀለው ትራንስፎርመር ዝቅ አድርጎ በአራት ሽቦዎች ያከፋፍለዋል፤ ሦስቱ ፌዞች ሲኾኑ አራተኛው ዜሮ ነው። ተራ የመኖሪያ ቤት አንዱን ፌዝና ዜሮውን ይወስዳል፤ ወፍጮ ቤት፣ የእንጨት ሥራ ቤትና ትልልቅ ፓምፖች ሦስቱንም ፌዞች ይወስዳሉ።

ቮልቴጅን በውኃ መስመር ግፊት መመሰል ይቻላል። ከማጠራቀሚያው አጠገብ ያለ ቤት ውኃው በኃይል ሲወርድለት፣ በመስመሩ መጨረሻ ያለው ሁሉም ሰው ቧንቧ በከፈተ ሰዓት ጠብታ ይጠብቃል። ኤሌክትሪክም እንዲሁ ነው። ከትራንስፎርመሩ የራቀ ቤት በምሽትና በበዓል ዋዜማ ኃይሉ ይዳከምበታል። ከትራንስፎርመሩ ሥር ያለው ዕድለኛ ይመስላል፤ ነገር ግን ሌሊት ሁሉም ምጣዱን ሲነቅል ግፊቱ ከልክ በላይ ሊወጣበት ይችላል። ለሩቆቹ እንዲደርስ ተብሎ የትራንስፎርመሩ መውጫ ከፍ ተደርጎ የተስተካከለ ከኾነ ደግሞ የቅርቦቹ ችግር ይብሳል።

ምጣዱ ይናገራል

መለኪያ መሣሪያ በሌለበት ቤት የኃይሉን መድከም ቀድሞ የሚያሳብቀው ምጣድ ነው። ምክንያቱም ሙቀት የሚሰጥ ዕቃ የሚያመነጨው ኃይል ከቮልቴጁ ጋር እኩል አይቀንስም፤ ከዚያ በላይ ያሽቆለቁላል። በ220 ቮልት 3 ሺህ 500 ዋት የሚሰጥ ምጣድ ቮልቴጁ 160 ሲደርስ የሚሰጠው 1 ሺህ 850 ዋት ገደማ ብቻ ነው። ቮልቴጁ የቀነሰው በሩብ ያህል ሲኾን ሙቀቱ ግን ወደ ግማሽ ወርዷል ማለት ነው። እንጀራው ዐይን የማያወጣው በሊጡ ጥፋት ላይኾን ይችላል።

ምጣዱ ራሱ ግን በዚህ አይጎዳም፤ ጊዜና ትዕግሥት ከመፍጀት በቀር። የሚጎዳው ሞተር ያለው ዕቃ ነው። የፍሪጅ ኮምፕሬሰር፣ የውኃ ፓምፕ፣ የወፍጮ ሞተር ሥራቸውን ለመሥራት የተወሰነ ጉልበት ያስፈልጋቸዋል። ቮልቴጁ ሲያንስ ጉልበቱን ለማሟላት ተጨማሪ አምፔር ይስባሉ፤ ተጨማሪ አምፔር ደግሞ ጥምጥም ሽቦውን ያግለዋል። ከሁሉ የከፋው ሞተሩ መነሣት ሲያቅተው ነው። ቆሞ የተያዘ ሞተር ከመደበኛው አምስትና ስድስት እጥፍ አምፔር ሊስብ ይችላል። ፍሪጁ ቀጭ ብሎ ዝም የሚለው በውስጡ ያለው ትንሽ የሙቀት መቁረጫ ሲቆርጥለት ነው፤ ሲበርድ መልሶ ያገናኘዋል፤ ሞተሩ እንደገና ይሞክራል፣ እንደገና ይግላል። ይህ በየምሽቱ ሲደጋገም የጥምጥሙ ቀለም ይላላል፣ በመጨረሻም ይቃጠላል። ስለዚህ ፍሪጅ እያጉረመረመ መነሣት ሲያቅተው ወዲያውኑ ከሶኬት መንቀል የተሻለው ውሳኔ ነው። ያልተከፈተ ፍሪጅ ለሰዓታት ቅዝቃዜውን ይይዛል፤ የተቃጠለ ኮምፕሬሰር ግን የሚያስከፍለው የፍሪጁን ዋጋ ጉልህ ድርሻ ነው።

ቴሌቪዥን፣ የስልክ ቻርጀርና አብዛኞቹ ዘመናዊ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች ለዝቅተኛ ቮልቴጅ ብዙም አይጨነቁም። ከጀርባቸው "ከ100 እስከ 240 ቮልት" የሚል ጽሑፍ ካለ በ150 ቮልትም ይሠራሉ። የእነርሱ ጠላት ከፍተኛው ቮልቴጅ ነው። ይህም ወደ ቀጣዩ፣ በእኛ ግምት ብዙ ሕዝብ ወደማያውቀውና ከሁሉም ወደሚያስፈራው ችግር ያደርሰናል።

ዜሮው ሲበጠስ

ብዙ ሰው ዜሮ መስመርን እንደ ሞተ ሽቦ ይቆጥረዋል፤ "ፌዙን ተጠንቀቅ እንጂ ዜሮው ምን ያደርጋል?" ይባላል። ነገር ግን በአንድ ሌሊት የአንድን መንደር ቴሌቪዥኖች፣ አምፖሎችና ፍሪጆች የሚያቃጥለው በአብዛኛው የዜሮው መበጠስ ወይም መላላት ነው።

ምሥጢሩ ይህ ነው። በአንድ ፌዝ ላይ ያለ ቤትና በሌላ ፌዝ ላይ ያለ ጎረቤቱ ኃይላቸውን የሚመልሱት በጋራ ዜሮ ነው። ያ የጋራ ዜሮ ከትራንስፎርመሩ ወዲህ ሲበጠስ ኃይሉ መመለሻ ያጣና በአንዱ ቤት ዕቃ ገብቶ በሌላው ቤት ዕቃ ይወጣል። ሁለቱ ቤቶች ሳያውቁት በተከታታይ ተገናኝተው 380 ቮልት ይካፈላሉ። ክፍፍሉም ፍትሐዊ አይደለም። ትልቅ ጭነት የሰካው ቤት ትንሹን ቮልቴጅ፣ ትንሽ ጭነት የሰካው ደግሞ ትልቁን ያገኛል። ለምሳሌ አንዱ ቤት 3 ሺህ 500 ዋት ምጣድ፣ ሌላው ቤት ቴሌቪዥንና አምፖሎች በድምሩ 200 ዋት ቢሰኩ፣ ሁለተኛው ቤት ላይ 360 ቮልት ገደማ ያርፍበታል። ምጣድ የሰካችው እናት ምጣዷ ለምን እንደቀዘቀዘ ትገረማለች፤ የጎረቤቷ ቴሌቪዥን ደግሞ ይጨሳል።

ምልክቱን መለየት ከባድ አይደለም። ኃይል ሲዳከም የሁሉም ቤት አምፖል ይደበዝዛል። ዜሮ ሲላላ ግን የአንዱ ቤት መብራት ከወትሮው በላይ ሲቦግ የሌላው ይደበዝዛል፤ አንድ ሰው ምጣድ ሲሰካ የሌላው መብራት ከመድከም ይልቅ ይደምቃል። ንፋስ በነፈሰ ቁጥር መብራቱ ቦግ እልም የሚልበት መስመርም የላላ መገጣጠሚያ እንዳለው መጠርጠር ይገባል። እንዲህ ያለ ነገር ሲታይ አንድ በአንድ ዕቃ ለመንቀል ጊዜ ማጥፋት አይገባም፤ ቀጥታ ወደ ቆጣሪው ዋና ብሬከር ሄዶ ማጥፋት፣ ጎረቤትም እንዲያጠፋ መጮኽ ነው። ምሰሶ ላይ ወጥቶ መቀጠል የኤሌክትሪክ አገልግሎቱ ባለሙያ ሥራ ነው። የተበጠሰው ዜሮ ጫፍ በሌሎች ቤቶች ዕቃ በኩል ኃይል ስለሚደርሰው የሚነካውን ሰው ሊገድል ይችላል። ስሙ ዜሮ መኾኑ ማንንም አያዘናጋ።

መጀመሪያ መለካት

ሶኬት ላይ ተሰክቶ ቮልቴጅን በቁጥር የሚያሳይ ትንሽ መለኪያ በኤሌክትሪክ ዕቃ መደብሮች በርካሽ ይገኛል። ከስታቢላይዘሩ በፊት መገዛት ያለበት ይህ ነው ብንል ማጋነን አይኾንም። ለአንድ ሳምንት ያህል ጠዋት፣ ቀትር፣ ምሽት አንድ ሰዓት ላይና እኩለ ሌሊት አካባቢ የታየውን ቁጥር በደብተር መጻፍ የችግሩን ጠባይ ያወጣዋል። ከ200 እስከ 240 ባለው መካከል የሚመላለስ ከኾነ ብዙም አያሳስብም። በየምሽቱ ወደ 170 የሚወርድ፣ ሌሊት ከ250 የሚያልፍ ወይም በደቂቃ ውስጥ ወደ ላይና ወደ ታች የሚዘል ከኾነ ግን ሦስቱም የየራሳቸው ታሪክ አላቸው።

ቀጥሎ ችግሩ የቤቱ ነው ወይስ የመስመሩ የሚለውን መለየት ይቻላል። መለኪያውን ሶኬት ላይ እንደተሰካ ትቶ የራስን ምጣድ መሰካት ነው። ቁጥሩ ከ215 ወደ 208 ቢወርድ የተለመደ ነው። ከ215 ወደ 180 ቢወርድና የጎረቤት መብራት ግን ካልደበዘዘ፣ ደካማው ነገር ከምሰሶው እስከ ሶኬቱ ባለው የራስ መስመር ውስጥ ነው፤ የቀጠነ ሽቦ፣ የላላ ብሎን፣ በእጅ ተጠምዝዞ በፕላስተር የተጠቀለለ መገጣጠሚያ። የሶኬቱ ፊት ቡናማ መኾን፣ ሲነካ መጋል ወይም የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ይህንኑ ያረጋግጣል። ይህን ዐይነቱን ችግር በስታቢላይዘር ለመሸፈን መሞከር ቤቱን ለእሳት ማዘጋጀት ነው። ምጣድ ለብቻው የተዘረጋ 4 ሚሊ ሜትር ካሬ የመዳብ ሽቦና 20 አምፔር ብሬከር ይገባዋል፤ ምጣድን በዲቫይደር ላይ መሰካት ደግሞ ጨርሶ ሊታሰብ አይገባም። አንድ ምጣድ ብቻውን 16 አምፔር ያህል ይስባል፤ ገበያ ላይ ያሉት አብዛኞቹ ዲቫይደሮች ይህን ለሰዓታት የመሸከም ዐቅም የላቸውም።

ሁሉም ጎረቤት በአንድ ሰዓት የሚደበዝዝበት ከኾነ ችግሩ የመስመሩ ወይም የትራንስፎርመሩ ነው። ይህን ጊዜ በደብተር የሰፈረው ቁጥር ዋጋ ያገኛል፤ ወደኋላ እንመለስበታለን።

ስታቢላይዘሩ የሚችለውና የማይችለው

ስታቢላይዘር የሚገባውን ቮልቴጅ ከፍ ወይም ዝቅ አድርጎ ወደ 220 የሚያቀርብ መሣሪያ ነው። በየቤቱ የሚታዩት ሁለት ዐይነት ናቸው፤ ቀጭ ቀጭ እያለ በደረጃ የሚቀይረውና በውስጡ ባለ ትንሽ ሞተር ቀስ እያለ የሚያስተካክለው። ኹለተኛው ትክክለኛ ቁጥር ይሰጣል፣ ነገር ግን ድንገተኛ ለውጥን ለመያዝ ይዘገያል። ሲገዛ መታየት ያለበት የሳጥኑ ግዝፈት ሳይኾን ከጀርባው የተጻፈው የመግቢያ ወሰን ነው። ምሽት ላይ 150 ቮልት የሚደርሰው ቤት "ከ180 እስከ 250" የሚል ስታቢላይዘር ቢገዛ ትርፉ ጌጥ ነው።

ዐቅሙም በዕቃው የመነሻ ፍላጎት ይለካል። እየሠራ 150 ዋት የሚበላ ፍሪጅ ሲነሣ ለቅጽበት ብዙ እጥፍ ይጠይቃል፤ ስለዚህ ለአንድ የቤት ፍሪጅ ከ1 ሺህ ቪኤ ያላነሰ መምረጥ ይበጃል። ምጣድና ማሞቂያ ከስታቢላይዘር ጋር ጉዳይ የላቸውም።

የስታቢላይዘር አንድ የማይነገር ጠባይ አለ። ኃይል አይፈጥርም፤ የጎደለውን ቮልቴጅ የሚሞላው ከመስመሩ ተጨማሪ አምፔር በመሳብ ነው። በ220 ቮልት 1 ሺህ ዋት የሚወስድ ዕቃ 4.5 አምፔር ይበቃዋል፤ መስመሩ ወደ 150 ሲወርድ በስታቢላይዘር በኩል ያው ዕቃ ወደ 6.7 አምፔር ይስባል። አንድ ቤት ቢያደርገው ምንም አይደለም። መንደሩ ሁሉ ሲያደርገው ግን የተዳከመው መስመር የባሰ ይዳከማል፤ ስታቢላይዘር የሌለው ቤትም የሌሎቹን ዕዳ ይከፍላል። ለዚህ ነው የትራንስፎርመር መጨናነቅ በግል ግዢ የማይፈታው።

በጎ ገንዘብ የሚያወጣ ሰው፣ በእኛ ሐሳብ፣ አስቀድሞ ሊያስበው የሚገባው የቮልቴጅ መቁረጫውን ነው። ይህ መሣሪያ ቮልቴጁን ለማስተካከል አይደክምም፤ ከተሰጠው ወሰን ሲወጣ ብቻ ይቆርጣል። በአንድ ሶኬት ላይ ለፍሪጅ ብቻ የሚሰካ አለ፤ ከቆጣሪው በኋላ በብሬከር ሳጥን ውስጥ ተገጥሞ ቤቱን በሙሉ የሚጠብቅም አለ። የላይኛው ወሰን 250 አካባቢ፣ የታችኛው 180 አካባቢ ተደርጎ ሲስተካከል ከዝቅተኛውም ከከፍተኛውም ይጠብቃል። ዜሮ ተበጥሶ 360 ቮልት ሲመጣ ዕቃን ሊያድን የሚችለው ይህ እንጂ ተራ ብሬከር አይደለም፤ ብሬከር የሚያየው አምፔርን ነው፣ ቮልቴጅን አያይም።

መቁረጫው ሌላም ጥቅም አለው። መብራት ሄዶ ሲመጣ ወዲያው አያገናኝም፤ እንደ አሞላሉ ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ ይጠብቃል። ፍሪጅ በድንገት ሲቆም በቱቦዎቹ ውስጥ ያለው የጋዝ ግፊት ሳይመጣጠን ይቆያል፤ በዚያ ቅጽበት መብራቱ ቢመለስ ኮምፕሬሰሩ ያንን ግፊት እየገፋ መነሣት ይኖርበታል፤ ብዙ ጊዜም ያቅተዋል። መብራት እንደተመለሰ የመንደሩ ዕቃ ሁሉ በአንድ ጊዜ ስለሚነሣም የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች የሚዋዥቁ ናቸው። መቁረጫ የሌለው ሰው ይህንኑ በእጁ ማድረግ ይችላል፤ መብራት ሲሄድ ፍሪጁን ነቅሎ አንድ አምፖል ብቻ እንደበራ ይተዋል፤ ሲመለስ አምስት ደቂቃ ይታገሣል። ወጪ የለውም።

ምጣድ ሲነዝር

"ምጣዳችን ይነዝራል" ማለት በብዙ ቤት እንደ ቀልድ የሚወራ ነገር ነው። መፍትሔ ተብሎ የሚደረገውም ላስቲክ ጫማ ማድረግ ወይም እንጨት ላይ መቆም ነው። ይህ ግን ኤሌክትሪኩ ከዕቃው አካል ላይ እየፈሰሰ ሰው በኩል መሬት ለመድረስ እየፈለገ መኾኑን የሚናገር ማስጠንቀቂያ ነው።

ለዚህ ነው ሶኬቶች ሦስተኛ መስመር፣ የመሬት ገመድ፣ የሚያስፈልጋቸው። ገመዱ በቤቱ አጠገብ እርጥበት በማይለየው ቦታ ከተቀበረ የመዳብ ዘንግ ጋር ይገናኛል። ነገር ግን ዘንግ መቅበር ብቻውን በቂ አይደለም። በበጋ የደረቀ መሬት ኃይልን በቀላሉ አይቀበልም። የመሬቱ ተቃውሞ 20 ኦም ቢኾን፣ 220 ቮልት ሲፈስ የሚያልፈው 11 አምፔር ብቻ ነው፤ 20 አምፔር ብሬከር ይህን ጭነት መስሎት ዝም ይላል፣ የምጣዱ ብረትም እንደነዘረ ይቆያል። ስለዚህ ከመሬት ገመዱ ጋር በ30 ሚሊ አምፔር የሚቆርጥ የፍሳሽ መቁረጫ ሊገጠም ይገባል። ይህ መሣሪያ በፌዝ የሄደውና በዜሮ የተመለሰው እኩል መኾኑን ይቆጣጠራል፤ ልዩነቱ 30 ሚሊ አምፔር ሲደርስ ከሴኮንድ ባነሰ ጊዜ ያጠፋል። ፊቱ ላይ ያለችውን የመሞከሪያ ቁልፍ በየወሩ መጫን ተገቢ ነው፤ ካልቆረጠ ተበላሽቷል።

አንዳንድ ሠራተኞች ዘንግ ከመቅበር ለመዳን የሶኬቱን የመሬት እግር ከዜሮው ጋር ያገናኙታል። ሥራው ያማረ ይመስላል፤ መለኪያም ያታልላል። ከላይ የተነገረው የዜሮ መበጠስ በደረሰ ጊዜ ግን የፍሪጁ በር፣ የምጣዱ ክዳን፣ የልብስ ማጠቢያው አካል ሁሉ በአንድነት ኃይል ይይዛሉ። ቤቱን ያሠራ ሰው "የመሬቱ ገመድ የት ገባ?" ብሎ መጠየቅና ዘንጉን በዐይኑ ማየት አለበት። የሽቦ ቀለምን ማመን ደግሞ ከመጠን በላይ መተማመን ነው። ቡናማ ለፌዝ፣ ሰማያዊ ለዜሮ፣ አረንጓዴና ቢጫ ለመሬት ነው የሚለው ሥርዓት በቆዩ ቤቶች ላይ ሁልጊዜ አይገኝም።

ፓምፕና ወፍጮ

በመስኖ የሚያለማ አርሶ አደር ከቆጣሪው እስከ ጉድጓዱ ወይም ወንዙ ድረስ ረጅም ገመድ ይዘረጋል። ገመዱ ሲመረጥ የሚታየው ብዙ ጊዜ ዋጋው ነው። ስሌቱ ግን እንዲህ ነው። 150 ሜትር ርቀት ላይ ያለ፣ 10 አምፔር የሚስብ ባለ አንድ ፌዝ ፓምፕ በ2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ የመዳብ ገመድ ቢያያዝ በመንገድ ላይ ብቻ 21 ቮልት ይጠፋል። ሲነሣ አምስት እጥፍ ቢስብ የሚጠፋው 100 ቮልት ገደማ ይኾናል፤ ፓምፑ ጋ የሚደርሰው ግማሽ ያህሉ ነው። በግማሽ ቮልቴጅ የሞተር መነሻ ጉልበት ወደ ሩብ ይወርዳል። ፓምፑ አይነሣም፤ ቆሞ ይግላል። ገመዱ 6 ሚሊ ሜትር ካሬ ቢኾን ሲሠራ የሚጠፋው ወደ 9 ቮልት፣ 10 ሚሊ ሜትር ካሬ ቢኾን ወደ 5 ቮልት ይወርዳል። በገመዱ የተቆጠበው ገንዘብ በሞተር ጥምጠማ ይከፈላል፤ ያውም ቡቃያው ውኃ በሚፈልግበት ሳምንት።

የሦስት ፌዝ ሞተር ላለው ዋነኛው አደጋ የአንድ ፌዝ መጥፋት ነው። ምሰሶ ላይ ካሉት ፊውዞች አንዱ ሲቃጠል ሁለቱ ፌዞች ይቀራሉ፤ እየዞረ የነበረው ሞተር አይቆምም፣ በሁለቱ ይንገዳገዳል። ድምፁ ይወፍራል፣ በቀሩት ሽቦዎች የሚያልፈው አምፔር በእጅጉ ይጨምራል፣ በደቂቃዎች ውስጥም ይቃጠላል። ለዚህ ሁለት መሣሪያዎች አሉ። አንዱ ከኮንታክተሩ ሥር የሚገጠመው የጭነት መቁረጫ ሲኾን በሞተሩ ሰሌዳ ላይ በተጻፈው አምፔር ልክ መስተካከል አለበት። "ቶሎ ቶሎ ይቆርጣል" ተብሎ ከፍ የተደረገ መቁረጫ እንደሌለ ይቆጠራል። ሌላው የፌዝ ተቆጣጣሪ ነው፤ አንድ ፌዝ ሲጎድል፣ ቮልቴጁ ከልክ ሲወጣ ወይም ቅደም ተከተሉ ሲገለበጥ ሞተሩ እንዳይነሣ ይከለክላል።

ቅደም ተከተሉ የሚገለበጠው በአብዛኛው መስመር ከተጠገነ ወይም ትራንስፎርመር ከተቀየረ በኋላ ነው። ወፍጮው በተቃራኒ ይዞራል፤ ፓምፑ ይጮኻል፣ ውኃ ግን አይሰጥም። ፓምፑ የተበላሸ መስሎት የሚፈታ ሰው አለ። ባለሙያ ሁለቱን ፌዞች ሲያቀያይራቸው ይስተካከላል።

ወፍጮ ባዶውን ይነሣ፤ እህል የሚፈስሰው ሙሉ ፍጥነት ከያዘ በኋላ ነው። በፌዞች መካከል ያለው ቮልቴጅ ከ342 በታች ከኾነ፣ ማለትም ከ380 ከአሥር በመቶ በላይ ከጎደለ፣ ወረፋ ቢበዛም አለማስነሣት ይሻላል። የውኃ ውስጥ ፓምፕ ያለው ደግሞ ወደ ጉድጓዱ ወይም ወደ ኩሬው ከመግባቱ በፊት ዋናውን ማጥፋት ብቻ ሳይኾን የማጥፊያ ሳጥኑን ቆልፎ ቁልፉን በኪሱ መያዝ ይኖርበታል።

መብረቅ፣ ጄኔሬተርና ከባሕር ማዶ የመጣ ዕቃ

በክረምት የሚመጣው መብረቅ ከላይ ከተጠቀሱት ሁሉ የተለየ ነው። ከቅጽበት ባነሰ ጊዜ በሺዎች የሚቆጠር ቮልት ስለሚያመጣ ስታቢላይዘሩም የቮልቴጅ መቁረጫውም አይደርሱበትም። ለዚሁ የተሠራ የመብረቅ ኃይል ማስወገጃ በዋናው ሳጥን ላይ ይገጠማል፤ የሚሠራው ግን ትርፉን የሚያወርድበት ጥሩ የመሬት ዘንግ ካለ ብቻ ነው። ነጎድጓድ ሲቃረብ ሶኬት መንቀል አሁንም የታመነ ዘዴ ነው፤ የቴሌቪዥኑ የዲሽ ገመድም አብሮ ይነቀል፤ ብዙ ሰው የሚዘነጋው እርሱን ነው።

ጄኔሬተር ያለው ቤት ወይም ሱቅ ከመስመሩ ጋር የሚገናኘው በማቀያየሪያ ማብሪያ ብቻ መኾን አለበት። ሁለት ጫፍ መሰኪያ ባለው ገመድ ኃይሉን ወደ ሶኬት መመለስ በትራንስፎርመሩ በኩል ወደ ኋላ ሄዶ መስመር ላይ የሚሠራውን ባለሙያ ይገድላል።

ዘመድ ከአሜሪካ ያመጣው የቡና ማፍያ ወይም መፍጫ የተሠራው ለ120 ቮልትና ለ60 ኸርዝ ነው፤ እንዳለ ከተሰካ ዕድሜው የሰኮንዶች ነው። ማውረጃ ትራንስፎርመር ቮልቴጁን ያስተካክላል፣ ድግግሞሹን ግን አይቀይርም። ስለዚህ ሞተር ያለው ዕቃ ዝግ ብሎ ይዞራል፣ ይግላልም። ከሳዑዲ ዐረቢያ የሚመጡ ፍሪጆችና ማጠቢያዎችም ቮልቴጃቸው ቢቀራረብም 60 ኸርዝ የተጻፈባቸው አሉ። ዕቃው ከመጫኑ በፊት ዘመድ የሰሌዳውን ፎቶ በስልክ ቢልክ ብዙ ጣጣ ያስቀራል። "50/60" የሚል ካለበት ችግር የለም።

አቤቱታው እንዲሰማ

ወደ ደብተሩ እንመለስ። "መብራታችን ደካማ ነው" የሚል አቤቱታና "በዚህ ሳምንት ሰባቱንም ምሽቶች ከአንድ እስከ ሦስት ሰዓት ከ165 ቮልት በታች ነበር፤ እኩለ ሌሊት ላይ 235 ይደርሳል" የሚል አቤቱታ እኩል አይደሉም። ኹለተኛው የትራንስፎርመር ጭነት መብዛትን በግልጽ ያመለክታል፤ ባለሙያው መለኪያ ይዞ በየትኛው ሰዓት መምጣት እንዳለበትም ይነግረዋል። ከሦስቱ ፌዞች በአንዱ ላይ ያሉ ቤቶች ብቻ የሚደበዝዝባቸው ከኾነ ጭነቱ በፌዞቹ መካከል በትክክል አልተከፋፈለም ማለት ነው፤ ይህ አዲስ ትራንስፎርመር ሳይጠየቅ ቤቶችን ከአንዱ ፌዝ ወደ ሌላው በማዛወር ሊቃለል ይችላል። ስለዚህ የጥቂት ጎረቤቶችን ቁጥር በአንድ ወረቀት አሰባስቦ ማቅረቡ ጠቃሚ ነው።

ለአስቸኳይ ጉዳይ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት የጥሪ ማዕከል 905 ነው። የተበጠሰ ሽቦ፣ ቦግ እልም የሚል መስመር ወይም የሚጨስ ትራንስፎርመር ሲታይ ደዋዩ የቀበሌውን ስም፣ በአቅራቢያ ያለ የታወቀ ምልክት፣ ምሰሶው ወይም ትራንስፎርመሩ ላይ ቁጥር ካለም ቁጥሩን ይናገር። የወደቀ ሽቦ ያለበት ቦታ ባለሙያ እስኪደርስ ሰውም ከብትም እንዳይቀርበው የሚጠብቅ ሰው ሊቆም ይገባል፤ በተለይ መሬቱ እርጥብ ከኾነ።

የቀኑን ማስታወሻ ሲይዙ አንድ ነገር አይዘንጉ። ቁጥሩ የሚነበበው ስታቢላይዘሩ ካለበት ሶኬት ሳይኾን ከግድግዳው ነው።